የጓሮው ክፍል ዕድሜ

ስቶክሆልም ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ሻጩን ማመን የለበትም። ይህ የእኔ ክፋት አይደለም፤ ሕጉ ነው። ገዢ የሚገዛውን ቤት የመመርመር ግዴታ አለበት፤ ማየት ሲችል ያላየውን፣ መጠየቅ ሲችል ያልጠየቀውን በኋላ ላንሳ ቢል ሰሚ አያገኝም። እኔ ይህንን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ሶልና ውስጥ የቤትና የመሬት ሽያጭ ጉዳይ በሚይዝ የሕግ ቢሮ እሠራለሁ፤ አድቮካት፣ ማለትም ሙሉ ጠበቃ፣ ለመባል የሚጠየቀውን ሥልጠና ክፍያ የሸፈነልኝ ቢሮው ነው። በነጻ እንዳይመስላችሁ። የተስማማነውን ጊዜ ሳልጨርስ ከለቀቅሁ ገንዘቡን እንድመልስ ፈርሜአለሁ። አለቃዬ ወረቀቱን ስትቀበለኝ "ይህን ሁሉ የምናወጣው ሰው ማመን እንድታቆሚ ነው" አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

አባቴ ይህንን ሲሰማ ደስታው ልክ አጣ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም። "ልጄን እኮ ከፍለው ነው የሚያስተምሯት! ራሳቸው ስዊድኖቹ!" ይላል። የፈረምኩትን ግዴታ ስነግረው "ታዲያ ለምን ትለቂያለሽ?" ብሎ ዘጋኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ስለ ፍቺው፣ ስለ ኪራይ ቤቱ፣ ስለ መኪና ቅጣቱ ሊጠይቀኝ ይመጣ ጀመር። አባቴ ራሱ ግን ሊጠይቀኝ የሚገባው ነገር በመጣ ጊዜ አልጠየቀኝም።

የመጣው እንዲህ ነው። እናቴ ፍሌሚንግስቤሪ ያለው ሆስፒታል ውስጥ የሕመምተኛ አልጋ ስትገፋ ኖራ፣ ጡረታ በወጣች በዓመቱ ስትሮክ መታት። ሕመሙ ቀኝ እጅና እግሯን ብቻ አልወሰደም፤ ስዊድንኛዋንም ይዞት ሄደ። ያን ያህል ዘመን የሠራችበት ቋንቋ ድራሹ ጠፋ። የቀራት አማርኛዋ ነው፣ እሱም ቀስ እያለ የሚወጣ። የሚኖሩበት የኪራይ ቤት በደረጃ የሚወጣ ስለነበረ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ ሊሰጣት እንደሚችል ነገረን። እናቴ ይህንን ስተረጉምላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውሃ ጠማኝ ብትል የሚገባው ሰው በሌለበት ቤት መቀመጥ በሕይወት መቀበር ነው፤ እሷ ባትለውም እኔ እለዋለሁ።

በዚህ መሐል የአባቴ ወዳጅ ስፖንጋ ያለውን ቪላ ሊሸጥ ነው ተባለ። ሰውየው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ትልቅ ሰው ነው፤ የእድሩ ሰብሳቢ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ሠርግ ላይ ከፊት የሚቀመጥ። ፊት ለፊት ስንገናኝ "እርስዎ" እለዋለሁ፤ ያደግሁት እንደዚያ ነው። እዚህ ግን "እሱ" ነው የምለው። ይህች ታህል መብት ትኑረኝ።

ቪላው ራሱ ለእናቴ አይሆንም ነበር፤ መታጠቢያው ፎቅ ላይ ነው። የሆነላት ጓሮው ውስጥ ያለው ክፍል ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ሰርቪስ ይባል ነበር፤ እዚህ ስም የለውም። ሰፊ በር አለው፣ ሽንት ቤቱና መታጠቢያው ከወለሉ እኩል ነው፣ ደፍ የለውም። ልናየው የሄድን ዕለት እናቴ በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና በደኅናው እጇ እየገፋች ብቻዋን ሽንት ቤት ገብታ ወጣች። ከታመመች ወዲህ ያለ ሰው ርዳታ እዚያ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ስትወጣ ሻሿን አስተካከለች። እኔ ያኔውኑ ይህ ክፍል የእሷ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ።

"ሜክላሬ ይዘን እንግዛ፤ ባይሆን የአካባቢውን ፕላን ከኮሙኑ ላውጣና ልየው" አልኩት አባቴን።

"ደላላ? በእኔና በእሱ መሐል ደላላ?" አለ። "እኔ ከእሱ ጋር ሱዳን በረሃ ላይ አንድ ኮዳ ውሃ ተካፍያለሁ። አሁን ልጄ የጓሮውን ካርታ ታውጣበት?"

"አባዬ፣ ስድብ አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።"

"ሁሉም ሰው ሽማግሌ የለውም። እኛ አለን።"

ሽያጩ የተፈጸመው በእርግጥም በሽማግሌ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሻጩ ሳሎን ተሰበሰብን። መምሬ ነበሩ፣ ሌሎች ሁለት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ አባቴ ነበረ፣ እኔ ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጸሐፊ ሆኜ ተቀመጥኩ። እናቴን መስኮቱ አጠገብ አድርገናት ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ ያናገራትም የለም። መምሬ ጸሎት አደረጉ። ከዚያ በኋላ አባቴ በዓይኑ እየገሠጸኝ እንኳ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የጓሮው ክፍል መቼ ተሠራ? ፈቃድ አለው?"

"ገና ሦስት ዓመቱ ነው!" አለ ሻጩ ደረቱን ነፍቶ። "ቧንቧው አዲስ፣ መስመሩ አዲስ፣ ጣሪያው አዲስ። ፈቃዱም አለ፤ ወረቀቱ ከዕቃ ጋር ታሽጎ ነው እንጂ። ዋጋውን ያልቀነስኩት እኮ ለዚህ ነው፤ አዲስ ነገር ነው የምትወስዱት።"

ሽማግሌዎቹን ዞር ብዬ አየሁ። መምሬ መስቀላቸውን እያገላበጡ ያያሉ፤ አንደኛው ሽማግሌ ምንጣፉን ያያል፤ አባቴ እኔን ያያል። በእነዚህ ሁሉ የተከበሩ ሰዎች ፊት የተነገረ ቃል እንዴት ውሸት ይሆናል? እንዳለው አድርጌ ጻፍኩት፤ "የጓሮው ክፍል ከሦስት ዓመት በፊት በፈቃድ የተሠራ አዲስ ሕንፃ ነው" የሚል ዓረፍተ ነገር፣ ንጹሕ በሆነ የሕግ ስዊድንኛ። ሁሉም ፈረሙ። ተሳሳሙ። በዚያው ሳምንት ሥልጠናው ላይ አስተማሪው ስለ ገዢ የመመርመር ግዴታ ሲያስረዳ እኔ እስክሪብቶዬን እያኘክሁ ስለ እናቴ መጋረጃ ቀለም አስብ ነበር።

እናቴ እዚያ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት በሰላም ኖረች። አባቴ በቀን አሥር ጊዜ ጓሮውን እያቋረጠ ይመላለሳል፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በፔንደልቶግ ባቡር እመጣለሁ። ከዚያ አጥሩ ማዶ ያለው ቤት ተሸጠና አዲስ ጎረቤት መጣ። ረጅም፣ ትሑት፣ ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ሆኖ "ቆንጆ ክፍል ነው፤ አጥሬ ድረስ መጥቷል እንዴ?" አለኝ። በበነጋው ነው መሰለኝ ለኮሙኑ ጽፎ ከሰሰን። ኋላ አነስ ያለ ቤት በጎረቤት ስምምነት ድንበር አጠገብ ማቆም እንደሚፈቀድ ነግሬው ስምምነቱን ስለምነው፣ ያው ፈገግታው ሳይጠፋ "በመርሕ ደረጃ አልችልም" አለኝ። በመርሕ ደረጃ! ለእናቴ እጁን ያወዛውዝላት ነበር እኮ።

የኮሙኑ ደብዳቤ የሚለው ግልጽ ነው። ለክፍሉ የተሰጠ ፈቃድ የለም። ከዚያም በላይ በአካባቢው ፕላን ላይ የእኛ ጓሮ በትናንሽ ነጥቦች የተሞላ ነው፤ ነጥብ ያለበት መሬት ላይ ሕንፃ አይቆምም ማለት ነው፣ ስለዚህ አሁን ፈቃድ እንጠይቅ ብንልም አይሰጠንም። ያን ካርታ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ቡና ሳይጨርስ ሊያየው ይችላል። እኔ ላየው ተከልክዬ ነበር።

ንዴቴን ዋጥ አድርጌ መልስ ጻፍኩ። በቅን ልቦና የገዛን ሰዎች መሆናችንን ለማሳየት የሽያጩን ውል አያይዤ ላክሁ፤ ያችን ያማረች ዓረፍተ ነገሬንም አሰምሬባት። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ በትሕትና አመሰገነኝ። አንድ ሕንፃ ያለ ፈቃድ ቆሞ አሥር ዓመት ካለፈው ኮሙኑ አፍርሱ ሊል አይችልም፤ የእናንተ ግን በራሳችሁ ውል መሠረት ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ የሚፈርስ ይመስላል፤ መጥቼ ልየው አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚህ ላይ ሞኙም እኔ ነበርኩ፣ ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ለአለቃዬ ነገርኳት፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ይሻላል ብዬ። ውሉን አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች። "ይህንን ያጻፈሽ ማን ነው?" አለችኝ። "ሽማግሌዎች" አልኳት። ሽማግሌ ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። "ማለት ምስክሮች?" አለች። አዎ አልኩ፣ ምስክሮች። "ታዲያ ጥሪያቸዋ" አለችኝ።

ጠራኋቸው። ማለቴ ለመንኳቸው። አዳራሹ ውስጥ ተቀመጥን፤ ሻጩ መሐል፣ መምሬ ቀኙ ላይ። ፈቃዱን አሳዩኝ አልኩት።

"ጠፍቶብኛል" አለ።

"ኮሙኑ ጭራሽ አልሰጠሁም ይላል እኮ።"

"የኮሙን ሰው ሁሉን ያውቃል?"

"እሺ፣ መቼ ነው የተሠራው? በትክክል ይንገሩኝ። ከአሥር ዓመት ካለፈ እናቴ ክፍሏን አታጣም።"

ሻጩ አባቴን አየው። አባቴ እጆቹን አየ። "ያልኩትን ብያለሁ፤ ቃሌን ሁለት አላደርግም" አለ ሻጩ።

እንክሰሰው ብዬ ተነሳሁ። ያኔ መምሬ መናገር ጀመሩ። ወንድም ወንድሙን በባዕድ ፍርድ ቤት አያቆምም፤ ይቅር ተባባሉ፤ ለእናትሽ እግዚአብሔር ሌላ ቤት ያዘጋጅላታል አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌ የአረጋውያን መኖሪያ እኮ ጥሩ ነው፣ ምግብም ይሰጣል አለ። አባቴ ጭራሽ "ነገሩ ይብቃ" አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእነዚህ ሰዎች ዝምታ ግን ነቅዞ ይሸተኝ ነበር። ምን እንደሚደብቁ አላወቅሁም። የሆነ ነገር እንደሚደብቁ ግን አወቅሁ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላኋቸው። አባቴንም ጭምር፣ ለጊዜው።

የኮሙኑ ሠራተኛ ሊያይ የመጣ ዕለት ዝናብ ያካፋ ነበር። ወጣት ነው፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ በካልሲው ገባ። በቀይ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ለካ። እናቴ አልጋዋ አጠገብ ወንበሯ ላይ ሆና የቀዩን ነጥብ መንገድ በዓይኗ ትከተላለች። አባቴ ወዳጁን፣ ሻጩን፣ ይዞት መጥቷል፣ እንዲያጽናናው ነው መሰለኝ፤ ሰውየው ካፖርቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ።

ሠራተኛው ውሉን አውጥቶ አባቴን በስዊድንኛ ጠየቀው። "ስትገዙት ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ትክክል ነው?"

አባቴ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ሳያይ "አዎ" አለ።

ውል፣ ሦስት ዓመት፣ አዎ። ከዚህ ሁሉ ንግግር እናቴ ምን እንደገባት አላውቅም። ምናልባት ቁጥሩን ከአባቴ ፊት ላይ አነበበችው። እጇን አንስታ የወንበሯን ክንድ መታች።

"ውሸት ነው" አለች።

ሠራተኛው ወደ እኔ ዞሮ "ምን አለች?" አለ።

"ይህ ክፍል የተመረቀ ዕለት እኔ ነበርኩ" አለች እናቴ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች። "መምሬ ጸበል ሲረጩ ሳህኑን ይዤ የዞርኩ እኔ ነኝ። እዚያ ጥግ ላይ ፈሰሰብኝ። ይህ ሰውዬ 'ግድ የለም እትዬ፣ ወለሉም ይባረክ' አለኝ።" በሩ ላይ ያለውን በአገጯ አመለከተች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "አንተም ነበርክ። እዚህ ጋ ቆመህ 'አሜን' ብለሃል።"

"እሷ ታማለች" አለ አባቴ። "ቀን ይምታታባታል።"

"አይምታታብኝም። ልጄ ትምህርት ቤት ጨርሳ ነጩን ኮፍያ ያደረገች ዕለት ነው። እሷ ከጓደኞቿ ጋር በመኪና ላይ እየጨፈረች ሄደች። እኛ ወደዚህ መጣን። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ።"

ነጩ ኮፍያ። እዚህ አገር ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ በዚያ ኮፍያ ከተማውን ሲያዞር ይውላል። እኔ ያንን ኮፍያ ካደረግሁ ዩኒቨርሲቲውን ጨርሼ፣ ሥራ ቀይሬ፣ ቢሮው ገብቼ፣ አሥር ዓመት ከሞላው ቆይቷል። በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ። ያ ሰው አሮጌውን ክፍል ዋጋ ሊያወጣለት አዲስ ነው ብሎ ሸጠልን። መምሬ ራሳቸው የባረኩትን ክፍል፣ አባቴ አሜን ያለበትን ክፍል፣ በሽማግሌ ፊት ሦስት ዓመቱ ነው ሲባል አንዳቸውም አልተነፈሱም፤ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ውሸታም አይባልማ። አዲስነቱን ያመንኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ላለማመን የተከፈለልኝ። አባቴ ደግሞ ከወዳጁ ክብርና ከሚስቱ ክፍል የሚስቱን ክፍል ለማፍረስ ፈቅዶ ነበር።

"ምን እያለች ነው?" አለኝ ሠራተኛው እንደገና።

"አትተርጉሚ" አለ አባቴ በአማርኛ። ድምፁ ትእዛዝ አልነበረም፤ ልመና ነበር። "ልጄ። ሰውየውን በፈረንጅ ፊት አታዋርጂብኝ።"

አባቴ በሕይወቴ ሙሉ ለምኖኝ አያውቅም። ብተረጉም የጻፍኩት ውል ሐሰት መሆኑን በራሴ አፍ ለመንግሥት እየተናገርኩ እንደሆነም አውቄአለሁ፤ ቢሮዬም፣ ሥልጠናዬም፣ የፈረምኩት ግዴታም ትዝ ብለውኛል። እናቴን አየኋት፤ በደኅናው እጇ የወንበሩን ጎማ ጨብጣ ይዛለች፣ ከክፍሉ ሊጎትቷት እንደመጡ ሁሉ።

ተረጎምኩ። ሳህኑን፣ ጥጉን፣ አሜኑን፣ ኮፍያውን፣ አንድም ሳላስቀር። "ቀን ይምታታባታል" ያለውንም ተረጎምኩ፤ እልህ ይዞኝ ነበር።

ሠራተኛው በሩ ላይ የቆመውን ሰው "ክፍሉን የሠራኸው አንተ ነህ?" አለው። ስዊድንኛ ውስጥ እርስዎ የለም፤ ትልቁ ሰው አንተ ተባለ። ሻጩ የካፖርቱን ቁልፍ ነካካ። "አዎ" አለ። "እሷ ባለችው ጊዜ?" "አዎ።" የምርቃቱ ፎቶግራፍ እንዳለው ሲጠየቅም አዎ አለ፤ እንዲልክም ታዘዘ። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበት በዝናቡ ውስጥ ወጣ። አባቴ ተከትሎት እስከ አጥሩ በር ሄደ፤ ብቻውን ተመለሰ።

ፎቶግራፎቹ ከተላኩ በኋላ ኮሙኑ ጉዳዩን ዘጋው። ክፍሉ አይፈርስም። ጎረቤቱ አሁንም ፈገግ ይላል፣ እኔ አልልም። አለቃዬ ከቤት ሽያጭ ጉዳዮች አንስታ ወደ ውርስ መደበችኝ፤ ሥልጠናው ቀጥሏል፣ ግዴታውም እንዳለ ነው። መምሬ ከዚያ ወዲህ እናቴን ሊጠይቁ አልመጡም። አባቴ አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ አሁን ሌሎች ይቀመጣሉ፤ እሱ በሩ አጠገብ ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ ይወጣል። ለእናቴ ምግቧን ያመጣል፣ ትራሷን ያስተካክላል፣ ስለዚያ ቀን ግን ትንፍሽ አይልም። ለእኔም ቢሆን የሚያወራኝ ስለ ባቡሩ መዘግየት ነው። ያሳዝነኛል፤ ከዚያ ትዝ ሲለኝ እንደገና እናደዳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን ፀጉር ስጎነጉንላት አላስችል አለኝ። ስንገዛ የት ነበርሽ ብዬ ጀመርኩ። ሻጩን ጠየቅሁ፣ ሽማግሌ ጠየቅሁ፣ አባዬን ጠየቅሁ፣ የኮሙኑን መዝገብ ቤት ሳይቀር ጠየቅሁ፤ አንቺ ግን ያን እሑድ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠሽ ሁሉን እየሰማሽ፣ ሁሉን እያወቅሽ፣ ለምን ዝም አልሽ አልኳት።

በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝ።

"ማን ጠየቀኝ?" አለች።